የኦዜላ የድንች ሰላጣ

በዚያ እሑድ ጠዋት እናቴ ከሁላችንም ቀድማ ተነሣች። ድንቹን ከነልጣጩ ጣደች፤ እንቁላሉን በሌላ ድስት ለብቻው። የጓዳውን በር ከፍታ በጡብ ደገፈችው፤ ነሐሴ ስለነበረ ወጥ ቤቱ ገና በማለዳው ይታፈናል። እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ የእሑድ ጫማዬን በቫዝሊን እወለውላለሁ። አባቴ በካናቴራ ሆኖ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው መስታወት ፊቱን ይላጫል። ውጭ ዶሮዎቹ ከቤቱ ሥር በአቧራ ይታጠባሉ።

ድንቹ ሲበስል እናቴ ውሃውን አጠለለችና እጇን እፍ እፍ እያለች ከነትኩሱ ላጠችው። እስኪበርድ አትጠብቅም። እየላጠች እየከተፈች፣ ኪያር የተዘፈዘፈበትን ኮምጣጤ ከማሰሮው አፍ ላይ ታንቆረቁርበታለች። እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ትጨፍናለች። ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነበራት፦ «ድንች ሲቀዘቅዝ ጆሮ የለውም። የምትነግሪውን በትኩሱ ንገሪው።»

ከዚያ ሽንኩርቱ ይፈቀፈቃል፤ ጣፋጩ ኪያር ይደቅቃል፤ ሰናፍጩ ይገባል፤ እንቁላሉ ይከተፋል። ማዮኔዙ መጨረሻ ነው፣ ሁሉም ከበረደ በኋላ። ጠርዙ ሰማያዊ ወደሆነው ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጣው ፊቱን በማንኪያ ጀርባ ታስተካክለውና፣ በግራ እጇ ሳህኑን እያዞረች በቀኝ ጣቶቿ ፓፕሪካ የሚባለውን ቀይ የቃሪያ ዱቄት ትበትንበታለች። ሳህኑ አንድ ዙር ሲዞር ቀዩ መስመር ዞሮ ራሱን ያገኛል፤ ቀለበት ይሆናል። መሐሉ ላይ ግማሽ እንቁላል አስኳሉን ወደ ላይ አድርጋ ትጫነዋለች። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም።

ክዳኑን ገጠመችበት። የክዳኑ መያዣ ድሮ ተሰብሮ ነበርና አባቴ ገና ሙሽሮች ሳሉ በባዶ የክር በከራ ተክቶላታል። በከራው ከእጇ ንክኪ ብዛት ለስልሶ እንደ አጥንት ያብረቀርቅ ነበር።

«ሄርሸል፣ ሸሚዝህ አልጋው ላይ ነው» አለች።

«አየሁት» አለ አባቴ።

በዚያ ጠዋት በመሐላቸው የሰማሁት ንግግር ይኸው ነው። የመመለሻ እሑድ ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ወደ ዲትሮይትና ወደ ቺካጎ የሄዱት ሁሉ ጆርጂያ ተመልሰው በገለዓድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በፒካን ዛፎቹ ሥር አብረውን የሚበሉበት ቀን ነው። ዘንድሮ ደግሞ አባቴ ዲያቆን ሊሆን ነው። ዝምታው ለእኔ የቅድስና ዝምታ ነበር።

ገለዓድ ውስጥ ማንም ሰው ዶሮ ጠብሶ መምጣት ይችላል። የበቆሎ ዳቦ፣ ጎመን፣ የስኳር ድንች ኬክ ማን እንደሠራው የሚጠይቅ የለም። የድንች ሰላጣ ግን እንደዚያ አይደለም። ሰው ሳህኑን ከመዘርጋቱ በፊት «የማን ነው?» ይላል፤ ስም ሳይጠራ ማንኪያ አይነሣም። ማዮኔዝና እንቁላል በነሐሴ ሙቀት ቀልድ አያውቁም፤ ንጽሕናዋን የማታውቂላትን ሴት ሰላጣ አትበዪም። ስለዚህ በገለዓድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው የድንች ሰላጣ አንድ ነው። መጀመሪያ የአያቴ ነበር፤ ከአያቴ በኋላ የእናቴ ሆነ። «የኦዜላ ነው» ከተባለ ሽማግሌው ሁሉ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይሰለፋል። ባዶ ሳህን ይዞ ወደ ቤት መመለስ የሴቲቱ ክብር ነበር።

ከእናቴ በኋላ ደግሞ የእኔ ይሆናል። ቃል ገብታልኛለች። «ቁመትሽ ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ውስጡን ሲያሳይሽ አስተምርሻለሁ» ብላኛለች፤ «ካንቺ በፊት ማንም አይማረውም።» በየቅዳሜው ምድጃው አጠገብ በእግር ጣቶቼ ቆሜ እለካ ነበር።

ዊላዲን የመጣችው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ከፍሎሪዳ ወዲህ ከባሏ ጋር ገና መግባቷ ነው፤ ባሏ የዲያቆን ክሌይቦርንን የእንጨት መጫኛ መኪና ይነዳል። የአገሩን ደንብ ማን ይንገራት? በመጀመሪያዋ የጋራ ምሳ እሑድ የድንች ሰላጣ ሠርታ መጣችና ከእናቴ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። ሴቶቹ ተሰብስበው አዩት።

«ወይ ጉድ! ዘቢብ ገብቶበታል።»

«ዘቢብ? የት አለ?»

«ይኸውልሽ፣ ዓይኑን አፍጦ ያይሻል።»

«እህቴ፣ ይሄ ሰላጣ ነው ወይስ ከገና የተረፈ ኬክ?»

ሳቁ እስከ መንገዱ ተሰማ። ዊላዲንም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዘላትም። ሰዎቹ ተሰልፈው መጡ፣ አዩት፣ አለፉ። እናቴ ያን ጊዜ ማንኪያዋን አስቀምጣ ከዊላዲን ሰላጣ ሳህኗን ሞልታ ወሰደችና በሁሉም ፊት ቆማ በላች። ዘቢቡን ሳይቀር እያኘከች «ጨው አያያዝሽ ጥሩ ነው» አለቻት። «ቅዳሜ ወደ ቤት ብቅ በይ።»

ቅዳሜ መጣች። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። ከላይ ድንቹ ሲከተፍ፣ ኮምጣጤው ሲንቆረቆር፣ እናቴም «በትኩሱ፣ በትኩሱ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ስትል እሰማለሁ። የዊላዲን ጫማ ተረከዙ የተጣመመ ነበር። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣች፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ቀለበቱን ማዞር አቅቷት ስትሳሳት እናቴ እጇን ይዛ አብራት አዞረች። እንደዚያ አድርጋ የእኔን እጅ ይዛ አታውቅም ነበር።

ዊላዲን ስትሄድ «ካንቺ በፊት ማንም አይማረውም ብለሽኝ ነበር» አልኳት።

«እሷ ዛሬ ያስፈልጋታል፣ ኒታዬ። አንቺ ጊዜ አለሽ።»

አለቀስኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ክህደት እሱ ነው ብዬ ያዝኩት፤ ብዙ ዓመትም ያዝኩት። ዛሬ የማስበው ሌላ ነው። እናቴ ለዊላዲን የሰጠቻት የምግብ አሠራር ብቻ አልነበረም። አንዲት ሴት ብቻ የምትችለውን ነገር ሌላም ሴት እንድትችለው ስታደርግ፣ ያለ እሷ መኖር የሚቻልበትን መንገድ ለገለዓድ ሰዎች በገዛ እጇ ጠረገችላቸው። ይሄን አላሰበችም። ዊላዲንም ያን ጊዜ ያሰበችው አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ሽማግሌው ፓስተራችን ሞቱ። ባለቤታቸው እናት ሎቬኒያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው የፓስተሩ ቤት ብቻቸውን ቀሩ። ልጅ አልነበራቸውም። ፓስተሩ በሞት አልጋ ላይ ሳሉ እናቴ ሾርባ ይዛ ትመላለስ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ቀን ቀን ያገላብጣቸው ነበር። አንድ ቀን ዲያቆን ክሌይቦርን ሊጠይቁ መጥተው፣ የሚሞቱትን ፓስተር እጅ ይዘው «ሎቬኒያ በሕይወት እስካሉ ድረስ ከዚህ ቤት አይወጡም» ብለው ቃል ገቡ። እናቴ ሾርባውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባቴ በራስጌው። ይህን ታሪክ እናቴ ቤት ውስጥ ደጋግማ ስትናገረው ስለሰማሁ እኔም እዚያ የነበርኩ ይመስለኝ ነበር።

አዲሱ ፓስተር ሚስትና ልጆች ነበሯቸው። በሐምሌ አንድ ረቡዕ ማታ የጉባኤ ስብሰባ ተጠራ። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል፤ ሴቶቹ የቀብር አስፈጻሚው ማስታወቂያ የታተመበትን ማራገቢያ ያወዛውዛሉ። እኔ በእናቴና በዊላዲን መሐል ተቀምጬ ነበር። ዲያቆን ክሌይቦርን ተነሥተው ስለ ቤቱ ተናገሩ። እናት ሎቬኒያ ሳቫና ከተማ የእህታቸው ልጅ አለችላቸው፤ እዚያ ቢሄዱ ይሻላቸዋል፤ ስለ ቤቱ ለማንም የተገባ ቃል የለም አሉ።

እናቴ ተነሣች።

«ዲያቆን ክሌይቦርን፣ ቃል አለ። እርስዎ ነዎት የገቡት። ሾርባ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ።»

ማራገቢያዎቹ ቆሙ።

«እህት ኦዜላ» አሉ ዲያቆኑ ፈገግ ብለው፣ «ሾርባው አልፈሰሰብሽም?»

ከወንዶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። እናቴ አልሳቀችም።

«ሄርሸል በራስጌው ነበር። ከእኔ ይልቅ እሱ ቅርብ ነበር። እሱን ይጠይቁት።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ከወንዶቹ መሐል ቀስ ብሎ ተነሣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጠርዙን አንድ ዙር አዞረው፤ እናቴ ፓፕሪካውን ስትበትን ሳህኑን እንደምታዞረው ማለት ነው።

«አላስታውስም» አለ።

አዘንኩለት። አባቴ ረሺ እንደሆነ አውቅ ነበር። ባርኔጣውን ይረሳል፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ይረሳል፤ አንድ ጊዜ እኔንም ሱቅ በር ላይ ረስቶኝ ከመንገድ ተመልሷል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መርሳቱ ምንኛ አሳፍሮት ይሆን ብዬ ዓይኖቼ እንባ አቀረሩ።

አባቴ በሰማንያ ዓመቱ፣ በልጅነቱ የነበረችው በቅሎ ግራ ጆሮዋ ላይ ምን ዓይነት ጠባሳ እንደነበራት ይነግረኝ ነበር። ሠርጌ ላይ የተናገርኩትን ቃል በቃል ያውቀው ነበር። ረሺ አልነበረም።

«እንግዲህ» አሉ ዲያቆን ክሌይቦርን፣ «ራስጌው የነበረ ያልሰማውን በር ላይ የነበረች ሰማች። እህት ኦዜላ፣ የጠረጴዛውን ነገር ለአንቺ ትተንልሻል፤ የጉባኤውን ነገር ደግሞ ለእኛ ተዪልን።»

እናቴ እንደቆመች ነበር። ወደ ዊላዲን አየች፤ ዊላዲን ያን ጊዜ የማራገቢያዋን ጀርባ ታነባለች። እናቴ ተቀመጠች። ወደ ቤት ስንመለስ ሦስታችንም በእግር፣ አባቴ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆንን። አባቴ እየቆየ ያስነጥሰው ነበር፣ ከአቧራው የተነሣ።

እኔ ግን ነገሩ የሚስተካከል መሰለኝ። ቅዳሜ ዕለት አባቴ ጓሮ ተቀምጦ መጥረቢያውን ሲስል ሄጄ አጠገቡ ተንበረከኩ።

«አባዬ፣ ላስታውስህ?»

«ምኑን?»

«የቃሉን ነገር። ፓስተር አልጋ ላይ ነበሩ፤ አንተ ትራሱን እያስተካከልክ ነበር። ዲያቆን ክሌይቦርን እጃቸውን ያዙ። እማዬ ሾርባ ይዛ ነበር፤ የዶሮ ሾርባ። አሁን ትዝ አለህ?»

መሳያው ቆመ። ዓይኑን ከመጥረቢያው አላነሣም።

«ኒታ፣ ሂጂ ለዶሮዎቹ ውሃ ስጪ።»

«ሰጥቻለሁ።»

«እንደገና ስጪ።»

እንደገና ሰጠሁ። ዶሮዎቹ አልጠጡም።

የመመለሻ እሑድ ጸሎቱ ረዘመ። አባቴ ፊት ለፊት ተንበርክኮ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነውበት ዲያቆን ሆነ። ኮቱ ላይ ነጭ አበባ ሰካችለት አንዲት ልጅ። እኔ ከኩራት ብዛት መቀመጫዬ ላይ አልረጋ አልኩ። «እማዬ፣ ተመልከች!» አልኳት። «አያለሁ» አለች። እውነትም ታይ ነበር።

ከዚያ ወደ ግቢው ወጣን። በፒካን ዛፎቹ ሥር ረጅሙ ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። እናቴ መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ሳህኗን አመጣች፤ እንደ ልማዷ ክዳኑን እዚያው መደርደሪያ ላይ ትታው። ቦታዋ ጠረጴዛው ራስ ላይ፣ ጥላው ዘወትር የማይለቀው ጋ ነው። ስንደርስ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሳህን ተቀምጧል። ከኋላው ዊላዲን ቆማለች፣ አዲስ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ።

ሰላጣውን አየሁት። ቢጫነቱ እንደ እኛው ነው። ፊቱ ላይ የፓፕሪካ ቀለበት አለ፤ መሐሉ ላይ ግማሽ እንቁላል።

ደስ አለኝ። ዛሬም ያ ደስታ ትዝ ሲለኝ የማደርገው ይጠፋኛል። «እማዬ፣ ሁለት ሆነልን!» አልኩ። የእኛ ሰላጣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ! ሌላ ሴት እንዲህ ያለ ክብር ደርሷት እንደማያውቅ እርግጠኛ ነበርኩ።

ባለ ወይን ጠጅ ባርኔጣዋ የዲያቆን ክሌይቦርን ሚስት ጠጋ አለች።

«እህት ኦዜላ፣ እኛ እኮ ዘንድሮ ትንሽ ትረፍ ብለን ነው።»

«አልደከመኝም።»

«ኧረ ይደክምሻል እንጂ! ስንት ዓመት ሙሉ! አይ፣ እንግዲህ ካመጣሽው መቼም አይጣል። እዚያ ጫፍ ላይ አስቀምጪው፣ ከሻዩ አጠገብ።»

እናቴ ዊላዲንን አየቻት። ዊላዲን ማንኪያዎቹን ታስተካክላለች፤ አንዱን ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች።

«ዊላዲን» አለች እናቴ።

«እ... እህት ኦዜላ... እኔ እኮ... ባሌ ነው አድርጊ ያለኝ።»

«ኮምጣጤውን በትኩሱ አደረግሽው?»

«አዎ።»

«ጎሽ» አለች እናቴ፤ ሳህኗን አቅፋ ወደ ጫፉ ሄደች።

በዚያ ጫፍ ፀሐይ አለ። እኔ ማንኪያውን ይዤ ከጎኗ ቆምኩ። ሰልፉ ከጠረጴዛው ራስ ይጀምራል። «የማን ነው?» ይላሉ እዚያ፤ «የእህት ዊላዲን ነው» ትላለች ባለ ወይን ጠጅ ባርኔጣዋ፤ ማንኪያው ይነሣል። ከዚያ ሰልፉ ዶሮውን፣ ጎመኑን፣ ዳቦውን አልፎ እኛ ጋ ይደርሳል። «እንደምን ዋልሽ፣ ኦዜላ» ይሉና ሻይ ቀድተው ይሄዳሉ። ማንም «የማን ነው?» ብሎ አልጠየቀንም። ስለሚያውቁት ነው ብዬ አሰብኩ።

አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ ከዲትሮይት የመጣ፣ ሰልፉን ትቶ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ።

«እሰይ! ኦዜላ! ዲትሮይት ሆኜ በሕልሜ የምበላው ይሄን ነው! በይ ሙዪልኝ፣ አትሰስቺ!»

ሳህኑን ዘረጋ። እኔ ማንኪያውን አነሣሁ። ያን ጊዜ የአጎቱ ልጅ ክንዱን ያዘው፣ በጆሮው የሆነ ነገር አለው። ሰውዬው እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ማንኪያውን አየ።

«ቆይ እስኪ» አለ፣ «መጀመሪያ ዶሮ ልውሰድ፤ አሁን መጣሁ።»

ጠበቅኩት። ዶሮውን ወስዶ ወንበር ሲፈልግ አየሁት። ወንበር ያጣ መስሎኝ «እዚያ ክፍት አለ» ብዬ በእጄ አሳየሁት። ተቀመጠ፤ ጀርባውን ሰጥቶን።

ማንኪያው በእጄ ላይ ሞቀ። እናቴ ውሃ እንዳመጣላት ላከችኝ። ከቧንቧው ስመለስ አባቴን አየሁት። በትልቁ ዛፍ ሥር ከዲያቆናቱ ጋር ተቀምጧል፤ ነጩ አበባ ኮቱ ላይ ጠውልጓል። ጭኑ ላይ ሳህን አለ። ዶሮ አለበት፤ ከዶሮው ጎን ቢጫ የድንች ሰላጣ እንደ ክምር ተቆልሏል። ይበላል። ዲያቆን ክሌይቦርን የሆነ ነገር ብለውት ይስቃሉ፤ እሱም አፉ ሞልቶ ይስቃል። አየኝና ሹካው ቆመ።

«በላሽ፣ ኒታዬ?»

«ገና ነኝ!» አልኩና ውሃውን እያፈሰስኩ ሮጥኩ።

«እማዬ! አባዬ እየበላ ነው! ሰላጣሽን እየበላ ነው፤ ሳህኑ ሙሉ ነው!»

እናቴ ፊቷን ወደ ሳህኗ መለሰች። እኔም አብሬ አየሁ። የፓፕሪካው ቀለበት ሙሉ ነበር፤ የተቆረጠ ቦታ የለውም። ፊቱ በማንኪያ ጀርባ እንደተስተካከለ ነበር። እንቁላሉ ከመሐል ሆኖ ሰማይ ያያል። ይህን ሁሉ በዓይኔ አየሁ። ያየሁት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ትልቅ ሴት ሆኜ፣ አንድ ቀን ሳህን ሳጥብ ነው።

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አለች እናቴ።

ውሃውን ተቀብላ ጠጣች። ሳህኗን በሁለት እጇ አነሣች።

«ክዳኑ» አልኩ። «ክዳኑ ወጥ ቤት ቀርቷል። ሮጬ ላምጣው?»

«ተዪው።»

«መደርደሪያው ላይ እኮ ነው፤ አሁን መጣሁ...»

«ኒታ። ተዪው አልኩሽ።»

ከግቢው ወጥተን ወደ ጀርባ፣ ወደ ፓስተሩ ቤት ዞርን። እናት ሎቬኒያ በረንዳቸው ላይ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሣጥኖች በገመድ ታስረው ተደርድረዋል። መጋረጃዎቹ ስለወረዱ በመስኮቱ ወዲያ ማዶ ያለው ሜዳ ይታያል። ሰኞ የእህታቸው ልጅ መጥታ ልትወስዳቸው ነው። እኔ ሳቫና የባሕር ዳርቻ ስለሆነ ለሽርሽር የሚሄዱ መስሎኝ ቀናሁባቸው።

እናት ሎቬኒያ እናቴን ተመለከቱ፤ ሳህኑንም ተመለከቱ። ከግቢው ሳቁና መዝሙሩ ይሰማል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣

«የማን ነው?» አሉ።

እናቴ ሳህኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«የኔ ነው» አለች። «የኦዜላ ነው።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? አምጪው።»

ሣጥን ተፈትቶ ሦስት ማንኪያ ወጣ። ሳህን የለም፤ ሁሉም ታሽጓል። እናት ሎቬኒያ ማንኪያቸውን ቀለበቱ ላይ አሳርፈው ቆረሱት። አላመጡ።

«እናትሽ ሰናፍጭ ታበዛ ነበር» አሉ። «አንቺ ትበልጫታለሽ። ለሷ ግን እንዳትነግሪያት፣ በቅርቡ በሰማይ አገኛታለሁ።»

እናቴ ሳቀች። በዚያ ወር ስትስቅ የሰማኋት እዚያ ብቻ ነው። ሆዴ እስኪያመኝ በላሁ። በረንዳው ጥላ ነበረው፤ ነፋስ ነበረ፤ የምፈልገውን ያህል ብበላ የሚከለክለኝ የለም። ከሁሉም የመመለሻ እሑዶች የሚበልጠው እሱ ነው ብዬ ወሰንኩ።

«ሄርሸልስ?» አሉ እናት ሎቬኒያ ሳህኑ ሲጋመስ።

«ዲያቆን ሆነ።»

«እሰይ» አሉ አሮጊቷ። ማንኪያቸውን አስቀመጡት። «እሰይ።»

ደስ ያላቸው መሰለኝ።

አባቴ ማታ ሲመጣ እናቴ በሩን ከፈተችለት፣ ሸሚዙን ተቀበለችው፣ በማግሥቱም አጠበችው። አልተለያዩም። ድምፃቸው ከፍ ብሎ አልሰማሁም። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ገለዓድ አልሄደችም፤ እሑድ እሑድ በረንዳው ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ቅዱሷን ታነባለች፣ አባቴ ለብሶ ሲወጣም ከገጿ ቀና አትልም። የድንች ሰላጣ ዳግመኛ አልሠራችም። ቁመቴ ከምድጃው አለፈ፣ ከእሷም አለፈ። አንድ ጊዜ፣ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ሳለ፣ «ቃል ገብተሽልኝ ነበር እኮ» አልኳት። እጇን ጨርቁ ላይ ጠረገች። «ቀዝቅዟል» አለችኝ።

ቅደም ተከተሉን ከጠረጴዛው ሥር ሰምቼዋለሁ። መጠኑን ግን አላውቅም፤ እናቴ በእጇ ነበር የምትለካው። ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ባሌ ደግ ሰው ስለነበር ሁሉንም ይበላልኝ ነበር።

እሱን በቀበርን ማግሥት ሰዎች ምግብ ይዘው መጡ። አንዲት የማላውቃት ወጣት የድንች ሰላጣ ይዛ በሬ ላይ ቆመች። ፊቱ ላይ ቀይ ቀለበት ነበረው።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የአያቴ የዊላዲን ነው» አለች። «እሷ አሁን መቆም አትችልም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። አሠራሩ ግን የሷ ነው። ከሷ በፊት በዚህ አገር እንዲህ የሚሠራ አልነበረም ይላሉ።»

ተቀበልኳት፣ አመሰገንኳት። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ በላሁት። ኮምጣጤው በትኩሱ ገብቷል።

ነጩ ሳህን አሁን እኔ ዘንድ ነው። ሰማያዊ ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ተልጧል፤ ሎሚ አስቀምጥበታለሁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ በየእሑዱ ገለዓድ ሄደ። የዲያቆናቱ ክፍል ያ ክዳን መደርደሪያው ላይ ከቀረበት ወጥ ቤት ጎን ነው፤ በሩም አይቆለፍም። ክዳኑ የለም።